ጅማ በክረምት፦ ጠዋት ሙዚየም፣ ዝናብ ሲመጣ ምግብ ቤት

ክረምት ሲገባ ቤታችን እንግዳ አይጠፋም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ጅማ ይመጣሉ። ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «በዚህ ዝናብ ምን እናደርጋለን?»

ለብዙ ዓመት መልሴ የተምታታ ነበር። አንዴ ቦዬ ሄደን ጉማሬ እንይ እላለሁ፣ አንዴ ጫካ እንውጣ እላለሁ። ዝናቡ ያባርረናል። ልጆቹ ይበሰብሳሉ፣ እናቶቻቸው ይቆጣሉ። ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር ቢኖር የጅማ ክረምት የራሱ ሰዓት እንዳለው ነው። ጠዋት ጭጋግ ይሆናል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ብቅ ትላለች። ከምሳ ሰዓት በኋላ ሰማዩ ይከብድና ዶፉን ይለቀዋል። እንግዲህ ጠዋቱን ለሙዚየም፣ ዝናቡን ለምግብ ቤት መስጠት ነው።

ሁለቱ ደግሞ ተዛማጅ ናቸው። ጅማ ሙዚየም ውስጥ ያየኸው በርጩማ ከሰዓት በኋላ ቡና የምትጠጣበት ቤት ተቀምጠህበት ታገኘዋለህ። ማሩም እንደዚያው፣ ቡናውም እንደዚያው። ስለዚህ መጀመሪያ ሙዚየም፣ ቀጥሎ ምግብ። ቅደም ተከተሉን ባትገለብጡት ደስ ይለኛል።

1. ቀኑን ምረጡ

ሁለት ሙሉ ቀን ይበቃል። ሦስት ከሆነ ደግሞ ሳትቻኮሉ ታዩታላችሁ። ከቻላችሁ ሐሙስ ከቀኖቻችሁ አንዱ ይሁን። ሕርማታ የሚባለው የጅማ ገበያ ትልቁ ቀኑ ሐሙስ ነው።

አርብን ግን በጥንቃቄ ያዙት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሌላው ቀን ከ6:30 እስከ 7:30 ለምሳ ይዘጋሉ። አርብ ግን የጁምዓ ሶላት ስላለ እረፍቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። ቅርስ የሚጠብቁት ሠራተኞችም የሚሄዱት በዚሁ ሰዓት ነው። ይህን ያወቅኩት በችግር ነው። አንድ አርብ አክስቴን ከሦስት ልጆቿ ጋር ይዤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ስደርስ ሰዓቱ 5:40 ሆኗል። በሩ ተዘግቷል። ያመጣን ባጃጅ ተመልሶ ሄዷል። ዝናቡም አልቆየም። ከአንድ ቤት በረንዳ ሥር ተጠጋን። ከውስጥ አንዲት እናት ወጥተው «ኧረ ግቡ፣ ልጆቹ በረዳቸው!» አሉን። ቡና እየተቆላ ነበር። አክስቴ እስከ ዛሬ ስለ ጅማ ሲነሳ ቤተ መንግሥቱን ትታ ስለ እኒያ እናት ነው የምታወራው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አርብ ከሆነ 2:30 ላይ በር ላይ ነኝ።

ጾሙንም አስቡበት። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ያበቃል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ገብቶ ነሐሴ 16 ይፈታል። በፍልሰታ ሰሞን በክርስቲያን ምግብ ቤቶች በያይነቱ፣ ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ይበዛል። የምትጾሙ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። የማትጾሙ ከሆነ ደግሞ ጅማ የተለያየ እምነት ያለው ሰው ይኖርባታልና የሙስሊም ምግብ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ያቀርባሉ።

2. መንገድና ጓዝ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ጊቤን ይሻገራል። ጊቤ በረሃ ስትወርዱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ፣ ማዶ ስትወጡ መልሳችሁ ትለብሳላችሁ። በክረምት ቁልቁለቱ ላይ ጭጋግና የሚንሸራተት አስፋልት ስላለ በሌሊት አትጓዙ። በአውሮፕላን ከመጣችሁ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ሩቅ አይደለም።

ብዙ ሰው ጅማን እንደ አዲስ አበባ ብርድ ያስባታል። አይደለችም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስትሆን ጅማ 1,700 ሜትርን ትንሽ ታልፋለች። ችግሩ እርጥበቱ ነው። የታጠበ ልብስ በሁለት ቀን አይደርቅም። ስለዚህ ወፍራም ካፖርት ትታችሁ ሦስት ቀለል ያሉ ልብሶችን ደርቡ። ለሁለት ቀን ሦስት ጥንድ ካልሲ ያዙ። ይህን በጣም እመክራለሁ። እርጥብ ካልሲ አድርጎ ሙዚየም የሚያይ ሰው ዓይኑ በር በሩን ነው።

ጫማ ነጠላ ጫማ እንዳይሆን። በቀላሉ የሚወልቅ ደግሞ ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ጅሬን ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ጃንጥላ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። ሁለት ሦስት ፌስታል በኪሳችሁ ይኑር፣ ለስልክም ለጭቃ ጫማም ይሆናል። ጥሬ ብር ያዙ። ሞባይል ባንኪንግና ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ግን ዝናብ ሲበረታ መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚሄዱበት ቀን አለ። መታወቂያም አትርሱ። ለአገር ውስጥና ለውጭ ጎብኚ የመግቢያ ዋጋው ይለያያል።

ማደሪያ ስትይዙ አጎበር እንዳለው ጠይቁ። ጅማ ወባ ያለበት አካባቢ ነው።

3. የመጀመሪያው ጠዋት፦ ጅሬን

ቁርስ ቀለል አድርጋችሁ በሉ። ሻሂና ዳቦ በቂ ነው። ከባዱን በኋላ እናገኘዋለን። 2:15 አካባቢ ባጃጅ ያዙ።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ባጃጁን ኮንትራት ያዙና ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። «መሄጃና መመለሻ፣ እዚያ አንድ ሰዓት ተኩል እንቆያለን» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። ጅሬን ላይ በዝናብ ባጃጅ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ሹፌሩን በኦሮምኛ ሰላም በሉት። «አካም ጅርቱ?» ማለት ይበቃል። ስትለያዩ «ገለቶማ» በሉት። አማርኛ በከተማው በሰፊው ይነገራል፣ ማንም አይቸገርባችሁም። ግን በቤቱ ቋንቋ ሰላም የተባለ ሰው ፊቱ ይፈታል። መንገድ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ እያሳየ ይወስዳችኋል።

ከመግባታችሁ በፊት ይህን ታሪክ ያዙ። በጊቤ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ። ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ናቸው። የጅማን መንግሥት ያጠነከሩት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። ቤተ መንግሥታቸውን የምታዩት ግን የወንድማቸው የልጅ ልጅ ዳግማዊ አባ ጅፋር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። ከ50 ዓመት በላይ ማለት ነው። በለጋ ዕድሜያቸው ሲነግሡ እናታቸው ንግሥት ጉሚቲ ትልቅ አማካሪያቸው ነበሩ። ምኒልክ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲስፋፉ አባ ጅፋር ከመዋጋት ይልቅ ግብር መክፈልን መረጡ። በዚህም የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ጎረቤቶቻቸው በጦርነት ሲፈርሱ የጅሬን ቤት የተረፈበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቆማችሁ የምታዩት እንጨት የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው።

«አባ ጅፋር» ራሱ የፈረስ ስም ነው። የኦሮሞ ነገሥታትና ጀግኖች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ይህን ለልጆች ንገሯቸው። ለእያንዳንዳቸው የፈረስ ስም አውጡላቸው። ግቢውን እስክትጨርሱ ድረስ ያዝናናቸዋል።

ቤተ መንግሥቱ በቅርብ ዓመታት ትልቅ እድሳት ተደርጎለታል። ወደ ዋናው ቤት ስትገቡ ግን ወለሉንና ግድግዳውን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ድንጋይና ሲሚንቶ የለመደ ዓይን መጀመሪያ የሚያልፈው እንጨቱን ነው። ምሰሶው፣ ደረጃው፣ የሰገነቱ መከለያ ሁሉ እንጨት ነው። በአንድ እግራችሁ ቀስ ብላችሁ ርገጡ። ቤቱ ድምፅ ያሰማችኋል። በክረምት ደግሞ እንጨቱ እርጥበት ስለሚጠጣ ሽታው ይለወጣል፤ የጭስና የአሮጌ ሣጥን ሽታ ይሸታል። በጋ የመጣ ሰው ይህን አያገኘውም።

ሰገነቱ ላይ ውጡና ወደ ውጭ ቁሙ። ንጉሡ ከዚህ ሆነው ከታች ያለውን ሕዝብና ጨዋታ ይመለከቱ ነበር። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበር ይነገራል። ረፋድ ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ ከተማው ከሥራችሁ ቀስ እያለ ይገለጣል። መጀመሪያ የመስጊድ ሚናራ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ጣሪያው፣ ከዚያ ዛፉ። ለዚህ 10 ደቂቃ ስጡት። ስልካችሁን አስቀምጡት ማለቴ አይደለም፣ ፎቶ አንሱ፤ ግን ከፎቶው በኋላም ቆዩ።

ግቢው ውስጥ መስጊድ አለ። የአምልኮ ቦታ ነውና ሴትም ወንድም አለባበሳችሁን አስተካክሉ። ተፈቅዶላችሁ ከገባችሁ ጫማ ማውለቅ አለ። ማሰሪያው 20 ቀዳዳ ያለው ቦቲ ያደረገ ሰው እዚህ ጋ ይንገላታል።

አስጎብኚውን በዝምታ አትከተሉት። ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ይህ ከምን ተሠራ? ማን ይጠቀምበት ነበር? ዛሬም የሚሠራው ሰው አለ? ሦስተኛዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። አስጎብኚው ከቃል ጥናቱ ወጥቶ ስለ ሰፈሩ ማውራት ይጀምራል።

4. ሙዚየሙ፦ ጥቂት ነገር በደንብ ማየት

የጅማ ሙዚየም በጅሬን ቀን መደረብ የለበትም። በሌላ ጠዋት እዩት። ሁለቱን በአንድ ቀን ያየ ሰው ማታ ሲጠየቅ «ብዙ ወንበር ነበር» ነው የሚለው። ከመውጣታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ያረፋችሁበት ሆቴል ደውሎ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ።

ሙዚየሙ ትንሽ ነው። ትልቅነቱን ፈልጎ የሚመጣ ሰው በ20 ደቂቃ ይወጣል። የአባ ጅፋር የግል ዕቃዎችና የአካባቢው ሕዝብ የኑሮ ዕቃዎች ናቸው የሚታዩት። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክፍሎቹን ሁሉ ሳልቆም አንዴ እዞራቸዋለሁ። ከዚያ ሦስት ዕቃ እመርጣለሁ። ሁለተኛ ዙር ስዞር የምቆመው እነሱ ጋ ብቻ ነው። ልጆች ካሉ አንድ አንድ ዕቃ ይምረጡ። ወረቀትና እርሳስ ስጧቸውና ይሣሉት። የሣለ ልጅ አይረሳም።

ከሦስቱ አንዱ በርጩማ ይሁን። እባካችሁ። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር አለው። ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው፣ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ። ምስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። መቀመጫውና እግሮቹ አንድ ሥጋ ናቸው። ጎንበስ በሉና ከሥር እዩት። የእንጨቱ መስመር ከመቀመጫው ተነስቶ ሳይቋረጥ እግሩ ድረስ ይወርዳል። በመጥረቢያና በመሮ የተፈለፈለበት ቦታ ትንንሽ ጠባሳ አለው። መቀመጫው እንደ ጥልቅ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሰው ሲቀመጥ ይይዘዋል። እግሩ ለምን ሦስት ሆነ? አራት እግር ያለው ወንበር ወጣ ገባ ባለ የአፈር ወለል ላይ ይንገጫገጫል። ሦስት እግር ግን የትም ቢያስቀምጡት ይረጋል። ይህን ያወቀ አናጺ ትምህርት ቤት አልገባም ይሆናል፣ ግን ሒሳቡ ልክ ነው።

የሹማምንት ወንበሮቹን ከተራው ሰው በርጩማ ጋር አስተያዩ። ቅርጹ ይለያያል፣ ከፍታው ይለያያል፣ ቅርጻ ቅርጹ ይበዛል። ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ከወንበሩ ታነቡታላችሁ።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ዕቃ አትንኩ፤ የእጅ ላብ አሮጌ እንጨትና ቆዳ ይጎዳል። ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዩ። የራባችሁ ዕለት ደግሞ ቶሎ ውጡ፣ ምንም አያሳፍርም።

5. ዝናቡ መጣ፦ ምግብ ቤት አመራረጥ

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ስም እየጠራሁ ዝርዝር አልሰጣችሁም። ምግብ ቤት በጅማ ባለቤት ይቀይራል፣ ወጥ ሠሪ ይቀይራል፤ ያምና ጥሩ ቤት ዘንድሮ ሌላ ነው። ምልክቱን ካወቃችሁ ግን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

የመጀመሪያው ምልክት ባጃጅ ነው። በ6 ሰዓት ባጃጆች ተደርድረው የቆሙበት ቤት ግቡ። ሹፌር ብሩንና ጊዜውን የሚቆጥብ ሰው ነው። ርካሽ፣ ፈጣንና የሚያጠግብ ካልሆነ አይመለስም። ሁለተኛው ምልክት የእጅ መታጠቢያው ነው። ውኃና ሳሙና በር ላይ ካለ ጓዳውም ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ሦስተኛ፣ እንጀራው። ከጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ሰረቅ አድርጋችሁ እዩ። ጠርዙ ከደረቀ የትናንት ነው።

ሥጋ የምትበሉ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ ይለያል። ብዙዎቹ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይሥላሉ። ምልክት ካላያችሁ ጠይቁ። «የክርስቲያን ነው የሙስሊም?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከእናንተ ጋር የተለያየ እምነት ያለው ሰው ካለ የጾም ምግብ፣ ፉል፣ እንቁላልና ጁስ ሁሉንም ያስማማል። እኛ ጓደኛሞች ስንገናኝ ያለ ንግግር የምናዘው ይህንን ነው።

ምን ይታዘዝ? ጠዋት ከሆነ ጭጭብሳ በማር። ቂጣው ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ ይታሻል፣ ከላይ ማር ይፈስበታል። የጅማ አካባቢ ማር ስሙ የታወቀ ነው፣ ጫካው ነውና ንቡን የሚቀልበው። ፉል ከፈለጋችሁ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በዘይት ይቀርባል፣ ትኩስ ዳቦ አብሮ። በዝናብ ጠዋት የፉል ሳህን እጅ ያሞቃል።

ለምሳ ቦዘና ሽሮ ወይም ተጋቢኖ በሸክላ እየተንተከተከ ሲመጣ ደስ ይላል። ጥብስ ስታዙ «ለስንት ሰው ይበቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ካልተለጠፈ ደግሞ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ሰው ይፈራል፣ ሂሳብ ሲመጣ ይኮራረፋል። ቀድሞ የጠየቀ አይጣላም። ካልለመዳችሁ ጥሬ ሥጋ በጉዞ ላይ አትሞክሩ። ውኃ የታሸገ ጠጡ።

ጠረጴዛ ሞልቶ ከማታውቁት ሰው ጋር ብትቀመጡ አትደንግጡ። እየበላ ያለው ሰው «እንብላ!» ይላችኋል። አክብሮት ነው። «ብሉ፣ ይባርክ» ብላችሁ መልሱ። ዝም ማለት ያስከፋል። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ከለመናችሁ አንዲት ጉርሻ ቁረሱ። በዚህ መንገድ የተጀመረ ወሬ ከየትኛውም አስጎብኚ ይበልጣል። አንድ ሐምሌ ላይ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ሽሮ እየበላን ስለ አባታቸው በርጩማ ለግማሽ ሰዓት አጫወቱኝ። ጠዋት ሙዚየም ውስጥ ያየሁትን ዓይነት ነበር። የሳቸው ግን አሁንም ጓዳ ውስጥ አለ፣ ቡና ሲፈላ ይቀመጡበታል።

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ካላባራ ጁስ ቤት ግቡ። አቮካዶ በጅማ ርካሽና ጥሩ ነው። ስፕሪስ ካዘዛችሁ ከሥር አቮካዶ፣ ከላይ ማንጎ ወይም ፓፓያ በንብርብር ይመጣል። በማንኪያ ነው የሚበላው። ስኳር እንዲቀንሱ ንገሯቸው። ውኃ ያልተጨመረበት መሆኑንም ጠይቁ።

ብርዝ ያለበት ቤት ካገኛችሁ እለፉበት አልላችሁም፣ ግቡ። ብርዝ ማር በውኃ ተበጥብጦና ተጣርቶ የሚጠጣ ነው። አያሰክርም። ሙስሊሙም፣ ልጁም፣ ሹፌሩም ይጠጣዋል። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሱት። ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ ትንንሽ የሰም ብናኝ ይንሳፈፍበታል። መጀመሪያ ጣፋጩ፣ ቀጥሎ ትንሽ የአበባ ነገር ይመጣል። «የዛሬ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካደረ መፍላት ይጀምራልና ወደ ጠጅነት ይሄዳል።

መጨረሻ ላይ ቡና። ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ማግኘት ቀላል ነው፤ እኔ ግን መንገድ ዳር ሸራ ወጥራ ጀበና የጣደች ልጅ ጋ ቁጭ በሉ እላለሁ። ዝናቡ ሸራው ላይ ሲንጣጣ፣ ቡናው ሲቆላ፣ ፈንድሻው ሲመጣ። ከሥራችሁ ያለውን መቀመጫ ተመልከቱ። ፕላስቲክ ካልሆነ ሦስት እግር አለው። ጤና አዳም ትፈልጉ እንደሆነ ትጠይቃችኋለች። እሺ በሏት፣ ቅጠሏ ሲኒው ላይ ስትቀመጥ ሽታው ይለያል። አቦል ብቻ ጠጥታችሁ አትነሱ። ቶናና በረካ አለ፣ ዝናቡም ገና ነው።

6. ሕርማታና ፈረንጅ አራዳ

ጅማ የሚባለው ከተማ ቀድሞ ሕርማታ የሚባል ገበያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሩቅ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች እዚህ ይገናኙ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ሙዚየሙ ውስጥ ያለውን ክብርና ሀብት ስታዩ ይህንንም አብራችሁ አስቡ። ልጆች ከጠየቁ እውነቱን ንገሯቸው።

ሐሙስ 4 ሰዓት ላይ ገበያ ግቡ። ከዝናቡ በፊት ማለት ነው። ጭቃው ቀላል አይደለም፤ ቦቲ የያዘ ሰው አሁን ነው የሚደሰተው። ሰፌድ፣ ሌማት፣ ቅመም፣ ማርና ቡና አለ። ስልክና ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉ። በክረምት የበቆሎ እሸት ወቅት ነው። ከሰል ላይ የተጠበሰ አንድ አንድ ያዙና እየበላችሁ ዙሩ።

ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር በእግር እለፉ። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ሲቆይ ጅማን ከአስተዳደር ክፍሎቹ የአንዱ ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። የዚያ ዘመን ቤቶች አሁንም እዚህም እዚያም ይታያሉ። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ከፊት በረንዳ። በረንዳው ለዝናብ መጠለያ ነው፣ ከተማው በክረምት የሚራመደው ከበረንዳ ወደ በረንዳ ነው። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

7. ተጨማሪ ቀን ካላችሁ፣ እና የሚገዛ ነገር

ሦስተኛ ቀን ያለው ሰው ስለ ቡና ሊያስብ ይችላል። በአጋሮ በኩል ጎማ ወረዳ ጮጬ አለ፤ የቡና መገኛ እዚያ ነው ይላሉ። የከፋ ሰዎች ደግሞ መገኛው የእኛ ነው ይላሉ፣ ቦንጋ ውስጥም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አላቸው። ከጅማ ቦንጋ 100 ኪሎ ሜትር ያለፈ ነው። በክረምት ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያደክማል፣ አድራችሁ ከሆነ ግን ሂዱ። ቀዩን ፍሬ አትጠብቁ። ለቀማው ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ነው። ክረምት ላይ ዛፉ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ነው።

ሙዚየም ያያችሁትን በርጩማ መግዛት ካማራችሁ ከሥሩ ገልብጣችሁ እዩት። መስመሩ ሳይቋረጥ እግሩ ድረስ ከወረደ ከአንድ ግንድ ነው። መጋጠሚያ ካለው ተለጥፏል፣ ዋጋውም መቀነስ አለበት። እንጨቱ በደንብ ካልደረቀ አዲስ አበባ ሲደርስ ይሰነጠቃል። በእጃችሁ መዝኑት። ከመጠኑ በላይ ከከበደ ገና እርጥብ ነው።

ቡና ጥሬውን ግዙ። ቤታችሁ ስትደርሱ እየቆላችሁ ትጠጡታላችሁ፣ ሽታውም አያልቅም። ማር ስትገዙ ጣታችሁን ነክራችሁ ቅመሱ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ አለ። ክዳኑ ጠምዝዘው የሚዘጉት ይሁን። ከክዳኑ ሥር ፌስታል ደርቡና አጥብቃችሁ ዝጉት፣ ከዚያ በሁለተኛ ፌስታል ጠቅልሉት። አውቶቡስ ላይ ከፖርቶ መጋላ አትጫኑት፤ ጊቤ በረሃ ሲሞቅ ማሩ ይቀጥናል፣ ዳገቱ ላይ ደግሞ ዕቃው ይገለበጣል። እግራችሁ መሀል ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት።